የብሪታኒያ ጡረተኛ፣ የፈረንሳይ ገጠርና ዶሴው

በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ዶርዶኝ በሚባለው አካባቢ ቤት ገዝቶ የተቀመጠ ብሪታኒያዊ ጡረተኛ ለአንድ ጉዳይ የልደት ምስክር ወረቀት አምጣ ይባላል። እናቱ አጣጥፋ ያስቀመጠችለትን፣ ጫፉ የተበላውን ወረቀት ይዞ ይሄዳል። ጸሐፊዋ ገልበጥ አድርጋ ታየውና «ከወጣ ሦስት ወር ያልሞላው ነው የሚያስፈልገው» ብላ ትመልስለታለች። ሰውየው ግራ ይገባዋል። የተወለድኩበት ቀን በሦስት ወር ውስጥ ይለወጣል እንዴ?

ቀኑ አይለወጥም፤ መዝገቡ ግን ይለወጣል። በፈረንሳይ አንድ ሰው ሲወለድ የሚከፈተው የልደት መዝገብ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ይጻፍበታል። ሲያገባ፣ ሲፋታ፣ ስሙን ሲያስቀይር የትም ይኑር የት ወሬው ወደተወለደበት ከተማ ማዘጋጃ ቤት ይሄድና በመዝገቡ ኅዳግ ላይ ይሰፍራል። ስለዚህ ሰሞኑን የወጣ ቅጂ ሰውየው ያገባ ይሁን ያላገባ፣ የፈታ ይሁን ያልፈታ ይናገራል። ጸሐፊዋ ማወቅ የምትፈልገውም ይህንኑ ነው። የብሪታኒያው ወረቀት ደግሞ የአንድ ቀን ምስክር ነው፤ በ1955 የተጻፈው ዛሬ ቢገለበጥም ያው ነው፣ ጋብቻም ፍቺም አይጨመርበትም። ለጋብቻ ጉዳይ የፈረንሳይ ፍትሐ ብሔር ሕግ ራሱ መዝገባቸው የማይታደስ አገሮችን ከጊዜ ገደቡ ነጻ ያደርጋል። መስኮቱ ላይ ቆሞ አንቀጽ ከመጥቀስ ግን አዲስ ቅጂ ከብሪታኒያ አዝዞ፣ በፍርድ ቤት ዝርዝር ውስጥ ባለ መሐላ የፈጸመ ተርጓሚ አስተርጉሞ ማቅረብ ይቀላል። (ከኢትዮጵያ ሄደው በፈረንሳይ በስደተኛነት ጥበቃ ያገኙ ሰዎች መንገዳቸው ሌላ ነው፤ ኦፍፕራ የሚባለው የስደተኞች ጽሕፈት ቤት የልደት ወረቀታቸውን እንደ አዲስ ያዘጋጅላቸዋል።)

እንግሊዞች ስለ ፈረንሳይ ቢሮክራሲ ሲያማርሩ ብዙ ጊዜ የሚያዩት ግትርነትን ነው። እኔ ግን ጉዳዩ በአብዛኛው የሁለት መንግሥታት ልማድ ግጭት ይመስለኛል። ብሪታኒያ ዜጎቿን መታወቂያ አታስይዝም፤ በ2006 የወጣውን የመታወቂያ ሕግ እንኳ ብዙ ሳትሠራበት በ2010 ሽራዋለች። ፈረንሳይ ደግሞ ሰውን በዶሴው ነው የምታውቀው፦ ማን ነህ፣ የት ትኖራለህ፣ በምን መብት ትኖራለህ። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ወረቀት አለ፣ እያንዳንዱ ወረቀት ደግሞ ቀን አለው።

«የት ትኖራለህ» የሚለው ቀላል ይመስላል። መልሱ ብዙ ጊዜ ሦስት ወር ያላለፈው የመብራት፣ የውሃ ወይም የስልክ ደረሰኝ ነው። ችግሩ ብዙ ባልና ሚስት ቤት ሲገቡ የመብራቱን ውል በባልየው ስም ብቻ ያዋውላሉ። ከዓመት በኋላ ሚስትየዋ ጉዳይ ሲኖራት በስሟ የሚመጣ ደረሰኝ የላትም፤ በገዛ ቤቷ አስጠጊ እንዳላት ሰው ባሏ «እኔ ዘንድ ነው የምትኖረው» ብሎ ጽፎ፣ ፈርሞ፣ የራሱን መታወቂያ ቅጂ አያይዞ መስጠት ሊኖርበት ነው። ኮንትራቱን ከመጀመሪያው በሁለቱም ስም ማድረግ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር።

የስም ነገርም አለ። በ1794፣ በአብዮቱ ዘመን የወጣና እስከ ዛሬ የሚሠራ ሕግ ማንም ሰው በልደት መዝገቡ ካለው ስም ሌላ እንዳይዝ ይከለክላል። በባሏ ስም 40 ዓመት የተጠራች፣ ፓስፖርቷም የባንክ ደብተሯም በዚያው ስም የወጣ ብሪታኒያዊት ፈረንሳይ ስትገባ የግብሩም የጤናውም ደብዳቤ በአባቷ ስም ይመጣላታል። የባል ስም በፈረንሳይ መጠሪያ እንጂ ሕጋዊ ስም አይደለም። ፖስተኛው ደብዳቤውን እንዳይመልሰው ሁለቱንም ስም በፖስታ ሳጥኑ ላይ መለጠፍ ያስፈልጋል። ስሟን በጋብቻ የማትለውጥ ኢትዮጵያዊት ከዚህ ጣጣ ነጻ ናት።

ሦስተኛው፣ «በምን መብት» የሚለው፣ ለብሪታኒያውያን የመጣው ዘግይቶ ነው። አገራቸው በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ በቆየችባቸው የመጨረሻ ዓመታት የመኖሪያ ፈቃድ አውጡ የሚላቸው አልነበረም። ብዙዎቹ 10 እና 15 ዓመት ሲኖሩ የፕሬፌክቱርን ደጃፍ አልረገጡም። ፕሬፌክቱር በየአካባቢው ያለው የማዕከላዊ መንግሥት ጽሕፈት ቤት ነው፤ ናፖሊዮን በ1800 ያቋቋመው ሲሆን የውጭ አገር ሰው ጉዳይ መጨረሻው እዚያ ነው። ብሪታኒያ ጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ከኅብረቱ ስትወጣ፣ የሽግግሩም ጊዜ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሲያበቃ፣ ነባሮቹ እስከ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2021 ድረስ በኢንተርኔት አመልክተው ልዩ ካርድ እንዲያወጡ ተደረገ። አምስት ዓመት ያልሞላቸው የአምስት ዓመት፣ ከዚያ በላይ የኖሩት የአሥር ዓመት ካርድ ተሰጣቸው፤ ያለ ክፍያ። የአምስት ዓመት ካርድ የያዙት ጊዜው ሲያልቅ ወደ ቋሚው እንዲዛወሩ ዶሴ ማዘጋጀት አለባቸው። ያን ጊዜ የሚጠየቀው እነዚያን ዓመታት በእርግጥ እዚያው ስለመኖራቸው ነው፤ የየዓመቱ የግብር ማስታወቂያ ከሁሉ ወረቀት የሚበልጠው ለዚህ ነው።

ከ2021 ወዲህ የሄዱት ከኅብረቱ ውጭ እንደሚመጣ ማንኛውም ሰው ናቸው። ከ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ ለመቆየት ከብሪታኒያ ሳይነሱ የረጅም ጊዜ ቪዛ ማውጣት፣ ፈረንሳይ በገቡ በሦስት ወር ውስጥ በኢንተርኔት ማጸደቅና ለዚያም የቴምብር ዋጋ መክፈል አለባቸው። ቴምብሩ ዛሬ የሚለጠፍ ሳይሆን በኢንተርኔት ወይም በትንባሆ መሸጫ ሱቅ የሚገዛ ቁጥር ነው። ቤት መግዛት የመኖር መብት አይሰጥም። ውል አዋዋዩ ፊት ከፈረሙ በኋላ ይህን የተረዱ አሉ።

ገጠር መኖር ነገሩን እንዴት ይለውጠዋል? ፈረንሳይ ወደ 35,000 የሚጠጉ ኮሚዩኖች አሏት፤ ከግማሽ በላዩ 500 ነዋሪ እንኳ የላቸውም። እያንዳንዳቸው ግን ከንቲባ፣ ባንዲራና ማዘጋጃ ቤት አላቸው። ለእኛ አንባቢ ከቀበሌ ጽሕፈት ቤት ጋር ቢነጻጸር ብዙ አይርቅም። በትንሽ መንደር ማዘጋጃ ቤቱ የሚከፈተው በሳምንት ሁለትና ሦስት ግማሽ ቀን ነው፤ የሚያንቀሳቅሰውም አንድ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ አንዲት ጸሐፊ ነች። በጀቱንም፣ የሞት መዝገቡንም፣ የምርጫ ዝርዝሩንም፣ የመቃብር ቦታውንም የምትይዘው እሷው ናት። በ2023 መጨረሻ የወጣ ሕግ ማዕረጓን ከፍ አድርጎላታል፤ ሥራዋን ግን አልቀነሰላትም። የመኖሪያ ፈቃድ አትሰጥም፣ ግብር አትተምንም። የትኛው ቢሮ የትኛውን ወረቀት እንደሚፈልግ፣ ማንን እንደሚያናግሩ የምታውቀው ግን እሷ ናት። አዲስ የገባ ሰው ገና ጉዳይ ሳይኖረው ሄዶ ቢተዋወቃት ይጠቅመዋል። ሲገባም በቅድሚያ «ቦንዡር ማዳም» ማለት የግድ ነው። ሰላምታ ሳያቀርብ ጥያቄውን የሚጀምር ሰው ባለጌ ነው የሚባለው፤ በዚህ በኩል አገሩ ከእኛ ጋር ይስማማል።

ብሪታኒያውያኑ ራሳቸው በእነዚህ ምክር ቤቶች ይቀመጡ ነበር። አገራቸው ከኅብረቱ ከመውጣቷ በፊት በመላ ፈረንሳይ ከ700 በላይ ብሪታኒያውያን የመንደር ምክር ቤት አባላት ነበሩ፤ በማርች 2020 በተደረገው ምርጫ ግን መምረጥም መመረጥም ቀረባቸው። ቅጽ አንብቦ የሚያስረዳ የቋንቋ ወንድም ከምክር ቤቱ ጠፋ ማለት ነው።

ሌላው ለውጥ የመስኮቶች መዘጋት ነው። ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ የመኪና ሊብሬና መንጃ ፈቃድ በፕሬፌክቱር መስኮት አይስተናገዱም፤ ሁሉም በኢንተርኔት ሆኗል። ኔትወርክ በማይዝበት ሸለቆ ለሚኖር የ75 ዓመት ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያቅትም። እዚህም እንቆቅልሽ አለ፦ ወደ መንግሥት ድረ ገጾች በአንድ መለያ ለመግባት አንዱ ቁልፍ የግብር ቁጥር ነው፤ የግብር ቁጥር ግን አብዛኛው አዲስ ሰው የሚያገኘው የመጀመሪያውን የገቢ ማስታወቂያ በወረቀት ሞልቶ ካስገባ በኋላ ነው። ለዚህ ሁሉ ማካካሻ ተብሎ ከ2019 ወዲህ «ፍራንስ ሰርቪስ» የሚባሉ ቤቶች ተከፍተዋል። ዛሬ ከ2,500 በላይ ናቸው፤ አንዳንዱ ፖስታ ቤት ውስጥ፣ አንዳንዱ በአውቶቡስ እየዞረ ያገለግላል። ኮምፒውተሩ ፊት አብሮ የሚቀመጥ ሰው በነጻ አለ፤ ለግብር፣ ለጤና መድን፣ ለጡረታ፣ ለሊብሬ። ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤትም በጁን 2022 መንግሥት ለውጭ አገር ዜጎች የመኖሪያ ፈቃድን በኢንተርኔት ብቻ አድርጎ ሌላ መንገድ ሊነፍግ እንደማይችል ወስኗል። መስኮቱ ስለተዘጋ መብቱ አልተዘጋም።

ጤናው ከሚፈራው ይልቅ ቀላል ነው። የብሪታኒያን የመንግሥት ጡረታ የሚቀበል ሰው «ኤስ 1» የተባለውን ቅጽ ከአገሩ አስልኮ በአካባቢው የጤና መድን ቢሮ ያስመዘግባል፤ ወጪውን ብሪታኒያ ትሸፍናለች። ከዚያ 15 አሐዝ ያለው ቁጥር ይመጣለታል። ቁጥሩ በራሱ ዶሴ ነው፦ በሜይ 1955 ከፈረንሳይ ውጭ ለተወለደች ሴት 2 55 05 99 ብሎ ይጀምራል፤ ጾታ፣ ዓመት፣ ወር፣ ከዚያ የውጭ ተወላጅ መሆኗ። በመጨረሻ አረንጓዴዋ ካርት ቪታል ትመጣለች። እስከዚያ ድረስ ከሐኪም ቤት የሚሰጠውን ቡናማ ወረቀት ማስቀመጥ ነው፤ ገንዘቡ በኋላ ይመለሳል።

ግብሩ ላይ ግን ጠንቀቅ ነው። የፈረንሳይ የግብር ዓመት ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ሲሆን የብሪታኒያው ከኤፕሪል 6 እስከ ኤፕሪል 5 ይሄዳል፤ ከአሠሪ ወይም ከጡረታ የሚመጣው ዓመታዊ ወረቀት እንዳለ አይገጥምም፤ ወር በወር እንደገና መደመር አለበት። የቀድሞ መምህር፣ ፖሊስ ወይም ወታደር የሚቀበለው የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ፣ ሰውየው የፈረንሳይ ዜግነት ካልያዘ፣ በሁለቱ አገሮች ስምምነት ግብር የሚከፈልበት በብሪታኒያ ነው፤ ሆኖም በፈረንሳይ ማስታወቂያ ላይ መጻፉ አይቀርም። ብዙ ሰው የሚረሳው ደግሞ ቅጽ 3916 ነው። በውጭ አገር ያለ የባንክ ሒሳብ ሁሉ፣ አሥር ፓውንድ ብቻ ያለበትና ለልጅ ልጅ ስጦታ ተብሎ የተተወው ጭምር፣ በየዓመቱ ይገለጻል። ላልተገለጸ አንድ ሒሳብ ለአንድ ዓመት መቀጮው 1,500 ዩሮ ነው። ሦስት ሒሳብና አራት ዓመት አባዙት። በ2018 የወጣ ሕግ በቅን ልቦና ለተሳሳተና ራሱ ላረመ ሰው «የመሳሳት መብት» የሚል አንቀጽ ሰጥቷል፤ ቢሮው ሳይጽፍልዎት በፊት ሄዶ ማረም የሚሻለው ለዚህ ነው።

ስለ መኪና አጭር ነው፦ ከ2021 በፊት የወጣ የብሪታኒያ መንጃ ፈቃድ ጊዜው እስኪያልቅ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ የወጣው ነዋሪ በተሆነ በአንድ ዓመት ውስጥ ይለወጣል።

ቤቱ ራሱም ወረቀት ይወልዳል። የመስኮት መዝጊያውን ቀለም መቀየር እንኳ ለማዘጋጃ ቤቱ የሚያስታውቁት ሥራ ነው። ከ5 እስከ 20 ካሬ ሜትር ላለ ጭማሪ ማስታወቂያ ይገባል፤ ከዚያ በላይ በመደበኛው የግንባታ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፍሳሽ መስመር በሌለበት ገጠር ሻጩ ሦስት ዓመት ያላለፈው የጉድጓድ ፍተሻ ውጤት ያቀርባል፤ ጉድለት ካለ ገዢው በአንድ ዓመት ውስጥ ማሟላት አለበት። የድሮ የድንጋይ ቤት ውበት የማረከው ሰው ይህንን ገጽ ዘሎ ሊፈርም ይችላል።

የመሥሪያ ቤት ዝምታም እንደ ጉዳዩ የተለያየ ትርጉም አለው። የቀለሙን ወይም የጭማሪውን ማስታወቂያ አስገብተው ማዘጋጃ ቤቱ አንድ ወር ዝም ካለ፣ ታሪካዊ ሐውልት አጠገብ ካልሆኑ በቀር፣ በአብዛኛው እሺ ማለት ነው። የመኖሪያ ፈቃድ አመልክተው ፕሬፌክቱሩ አራት ወር ዝም ካለ ግን በሕግ እምቢ ማለት ነው። ለአስተዳደር ፍርድ ቤት አቤት ለማለት የሚሰጠው ጊዜ በመደበኛው ሁለት ወር ስለሆነ «ይመጣል» እያሉ መጠበቅ መብትን ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ ማመልከቻ ሁሉ የገባበት ቀን መታወቅ አለበት፤ በኢንተርኔት ከሆነ ማረጋገጫውን አትሞ ማስቀመጥ፣ በወረቀት ከሆነ የመቀበያ ፊርማ በሚመጣበት የአደራ ደብዳቤ መላክ ነው። መልስ ሳይመጣ ጊዜው ከተገፋ ደግሞ በየአካባቢው በነጻ የሚያስተናግድ የመብት ተሟጋች ተቋም ተወካይ አለ፤ ዴፋንሰር ዴ ድሯ ይባላል። ይህ ተወካይ አቤቱታውን ሲቀበል መጀመሪያ የሚጠይቀው ያችኑ የፖስታ ቤት ደረሰኝ ነው።