ፕላቲነም ናይትሬት ፊት ሲቆም

አብነት፣ ሰባተኛና መርካቶ የአዲስ አበባ አሮጌና ጥቅጥቅ ብለው የተሠሩ ሰፈሮች ናቸው። በእንዲህ ያሉ ሰፈሮች የጉድጓድ ሽንት ቤት ለረጅም ዘመን ዋናው መጸዳጃ ሆኖ ኖሯል። በቆሻሻው ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን የአፈር ባክቴሪያዎች ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት በውሃ በቀላሉ ይሟሟል፤ አፈርም አይይዘውም፤ ስለዚህ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይሰርጋል። የከተማዋን የከርሰ ምድር ውሃ የመረመሩ ባለሙያዎች በመሃል ከተማ ምንጮችና ጥልቀት በሌላቸው ጉድጓዶች ከፍተኛ ናይትሬት አግኝተዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። ከዚያ ሲያልፍ በተለይ በጡጦ ለሚመገቡ ሕፃናት አደገኛ ነው፤ ሆድ ውስጥ ወደ ናይትራይት ተለውጦ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል።

ናይትሬትን በኤሌክትሪክ ማጥፋት ይቻላል? ነገሩ የሚጀምረው ከኤሌክትሮዱ ነው። ናይትሬት እንደ ብሮሜት፣ ክሮሜትና ፐርሰልፌት ሁሉ ከሌላው ኤሌክትሮን የሚነጥቅ አኒዮን (አሉታዊ አዮን) ነው። ኤሌክትሮዱ ኤሌክትሮን ሲያቀርብለት ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል። ናይትራይት ለመሆን 2፣ አሞኒያ ለመሆን ግን 8 ኤሌክትሮን ይፈልጋል።

ችግሩ ይኸው አሉታዊነቱ ነው። ኤሌክትሮን ለመስጠት ኤሌክትሮዱ ይበልጥ አሉታዊ ሲደረግ አኒዮኑን ይገፋዋል። ሩሲያዊው ኬሚስት አሌክሳንደር ፍሩምኪን (1895–1976 እ.ኤ.አ.) እና ባልደረቦቹ ይህን በፐርሰልፌት አሳይተዋል፤ ቮልቴጁ እየበረታ ሲሄድ የኤሌክትሪኩ ፍሰት መጨመር ሲገባው ቀነሰ። ፖታሲየም ወይም ሲሲየም ሲጨመርበት ግን አዎንታዊዎቹ አዮኖች ከኤሌክትሮዱ ገጽ አጠገብ ተሰብስበው ግፊቱን ያለዝቡታል።

ኤሌክትሮዱ ፕላቲነም ሲሆን ሌላ ፈተና ይጨመራል። መርካቶ ቦታ ያልያዘ ነጋዴ እንደማይሸጥ ሁሉ፣ ናይትሬትም የፕላቲነሙ ገጽ ላይ ካልተለጠፈ ኤሌክትሮን በቅጡ አይቀበልም። ይህን ለመፈተሽ ተመራማሪ ቀጭን የፕላቲነም ሽቦ በእሳት ነበልባል ቀይ እስኪሆን አግሎ ያጸዳና አሲድ ውስጥ ነክሮ ቮልቴጁን ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ቮልቴጁ ዝቅ ሲል ሃይድሮጅን ገጹን ይሸፍናል፤ ከፍ ሲል ኦክሳይድ ይቀድማል። ለናይትሬት የሚቀረው በመካከል ያለው ጠባብ ዕድል ነው። እሱንም ሰልፌትና ክሎራይድ ይሻሙታል። በፐርክሎሪክ አሲድ የሚታየው የናይትሬት የኤሌክትሪክ ፍሰት በሰልፈሪክ አሲድ የሚዳከመው ለዚህ ነው፤ ፐርክሎሬት ገጹ ላይ እምብዛም አይለጠፍም፣ ሰልፌት ግን ይለጠፋል። የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ሰልፌትም ክሎራይድም ስለሚገኝ ይህ የቤተ ሙከራ ጣጣ ብቻ አይደለም።

ቦታ ቢያገኝም ከናይትሬት ወደ ናይትራይት ያለው የመጀመሪያ እርምጃ ዘገምተኛ ነው። ሌሎቹን እርምጃዎች ሁሉ ወደ ኋላ የሚጎትተው እሱ ነው። በፕላቲነሙ ገጽ ላይ ቲን ወይም ጀርመኒየም ሲታከል ምላሹ በእጅጉ ይፈጥናል፤ ርካሹ መዳብ ደግሞ በዚህ ሥራ ከንጹሕ ፕላቲነም ይሻላል።

ፕላቲነም ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም፤ ወለጋ ውስጥ ዩብዶ ላይ ከ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲወጣ ኖሯል። ሃይድሮጅንን ከውሃ በኤሌክትሪክ በማውጣትም አቻ የለውም። ለናይትሬት ግን ውድነቱ ብቻውን ብልጫ አይሰጠውም፤ ከብረቱ ዋጋ ይልቅ ገጹን ማን እንደያዘው ይወስናል።

ለጊዜው ግን ከጉድጓድ ወይም ከምንጭ የምትጠቀሙ ሁሉ ውሃችሁን በቤተ ሙከራ አስመርምሩ። ናይትሬት ቀለምም ሽታም የለውም፤ ክሎሪን አያጠፋውም። ማፍላት ደግሞ ውሃው እየተነነ ሲሄድ ናይትሬቱን ያበዛዋል እንጂ አይቀንሰውም።