«ደመወዝ ገባ?»

በወረዳ ሒሳብ ክፍል ዓመታት የቆየ ሰው ብዙ ባያወራ ይመረጣል። ስለዚህ ይህንን በጆሯችሁ ልበላችሁና የሰማችሁትም ከእኔ አይሁን።

እንግዳ ወደ ወረዳችን ከተማ ወደ አንበሳሜ ሲመጣ «ከተማዋ በምን ትተዳደራለች?» ብሎ ይጠይቃል። «በግብርናና በንግድ» የሚል መልስ ይሰጠዋል። ግማሹ እውነት ነው። ሩዙ ያለው ወደ ጣና በሚወስደው ሜዳ፣ በእነ ጅግና በኩል ነው፤ ኤክስ ጅግና የሚባለው የሩዝ ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚሁ የደራ ቀበሌ ነው። ንግዱ ደግሞ የባሕር ዳርና የጎንደር አስፋልት የሚያልፍባት ሐሙሲት ላይ ይሞቃል። አንበሳሜ ያላት የደራ ወረዳ ማኅተም ነው። ማኅተሙ ካለ ጽሕፈት ቤት አለ፤ ጽሕፈት ቤት ካለ ደመወዝተኛ አለ፤ ደመወዝተኛ ካለ ቤት የሚያከራይ፣ ሽሮ የሚሠራ፣ በዱቤ የሚሸጥ አለ።

ከተማዋ በደመወዝ መተዳደሯ የጠነከረው ከ1994 ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት የበጀት ነገር በዞን መምሪያዎችና በክልል ቢሮዎች ይወሰን ነበር። የአማራ ክልል ጥቅል በጀት ለወረዳዎች መልቀቅ ሲጀምር የወረዳ ከተሞች ሁሉ ፔሮል ያላቸው ከተሞች ሆኑ። እኛ ውስጥ ያለነው ሰዎች በጀትን የምናወራው በቁጥር ነው። 6111 የቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ ነው፤ 6231 የውሎ አበል፤ 6217 ነዳጅ። በጀት ሲደለደል መጀመሪያ 6111 ይሞላል፤ ቀሪው ለወረቀት፣ ለነዳጅና ለአበል ይሻማል። ስለ ካፒታል በጀት ባላወራ ይሻላል። «ወረዳው ዘንድሮ ምን ሠራ?» የሚል ሰው ሲመጣ፣ እውነተኛው መልስ ብዙ ጊዜ «ደመወዝ ከፈለ» ነው። እኔ በዚህ አላፍርም። አብላጫው ደመወዝ የመምህር ነው፤ ከዚያ በየቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽንና የግብርና ባለሙያዎች ናቸው። ደመወዛቸውን ካነሳችሁት ትምህርት ቤቱም ጤና ኬላውም ባዶ ግድግዳ ነው።

አሁን አንዲት የፔሮል መስመር ላሳያችሁ። አዲስ ዲግሪ ይዛ የተቀጠረች ልጅ፣ ከመስከረም 2018 በፊት መነሻዋ 6,940 ብር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ 11,500 ሆኗል። ከዚህ ላይ የሥራ ግብሩ 2,100 ይነሳል፤ 7 በመቶ ጡረታ፣ ማለትም 805 ብር ይከተላል። የተጣራ 8,595። የቁጠባና ብድር ማኅበር አባል ከሆነች እሱም ይቆረጣል፤ መዋጮ ከተጠየቀ እሱም ይቆረጣል። የሕዳሴ ግድብ ቦንድን የምታስታውሱ፣ የወር ደመወዝ በአሥራ ሁለት ወር ተከፋፍሎ እንዴት እንደሚወጣ ታውቃላችሁ። ብሩ ገና ከባንክ ሳይወጣ ስም የተጻፈበት ነው፤ የቤት ኪራይ፣ የኮንትራት ምግብ፣ የዕቁብ መዋጮ፣ የሱቅ ዱቤ። ላጤዋ የራሷ የምትለው ብር የሚተርፋት ከሆነ፣ ወይ ቤተሰቦቿ ጤፍ ይልኩላታል፣ ወይ ዕቁብ ወጥቶላታል።

ዋናው ሹክሹክታዬ እዚህ ላይ ነው። ጭማሪ ወደ ፔሮል ከመግባቱ በፊት ወደ ኪራይ ይገባል። የመስከረሙ ጭማሪ በነሐሴ 2017 በቴሌቪዥን ሲነገር፣ ሠራተኛው ገና «ለእኔ ስንት ይደርሰኛል?» እያለ ሲያሰላ፣ አከራዩ አስልቶ ጨርሷል። አከራዩን ግን አትኮንኑት። ብዙዎቹ ልጆቻቸው ሄደው አንድ ክፍል የተረፈቻቸው እናቶች ናቸው፤ ዘይቱም በርበሬውም ለእነሱ እንዲሁ ተወዷል። ጭማሪ የማይደርሰው፣ ዋጋው ግን የሚደርሰው አለ፤ እሱ ደመወዝተኛ ያልሆነው ነው። ስለ እሱ በእኛ ስብሰባ ላይ ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም።

ሌላው ሰው የማያየው ነገር የሠራተኛው ፊርማ ነው። ወደ ቢሮዬ ከሚመጣው ባለጉዳይ ውስጥ ስለ ደመወዝ ከሚጠይቀው ይልቅ የዋስትና ደብዳቤ የሚፈልገው ይበዛል። አንዲት ጠላ የሚሸጡ እናት መምህር የሆነውን የእህታቸውን ልጅ አስከትለው ገቡ። ልጃቸው ባሕር ዳር ገንዘብ ተቀባይ ሆና ልትቀጠር ነው፤ ዋስ ካልጠራች ግን አይሆንም።

«የኔ ልጅ፣ እባክህ ቶሎ ጻፍልን፤ ነገ አምጭ ብለዋታል።»

«እሺ እማማ፣ ይቀመጡ። መምህር፣ ሌላ ዋስትና የለብህም አይደል?»

መምህሩ ጣሪያውን አየ። ነበረበት። የሌላ ዘመድ ዋስ ሆኖ ደመወዙ ተይዟል። እማማ ሌላ ደመወዝተኛ ዘመድ እስኪያስታውሱ ቆይተው፣ በመጨረሻ የጤና ባለሙያ የሆነች የጎረቤት ልጅ ተገኘች። ከዚህ መስኮት ሆኜ ሳየው፣ የአንድ መምህር ደመወዝ አንድ ቤት አይደለም የሚያቆመው፤ አራት አምስት ቤት ተደግፎበታል። ባንክ የማያበድረው፣ ርስት የሌለው፣ መሬቱ በወንድሞች የተከፋፈለ ሁሉ ዋስ ሲፈልግ የሚሄደው ወደ ደመወዝተኛ ዘመዱ ነው።

ግን ብሩ እዚሁ አይቀርም። ሱቁ ውስጥ ያለው ዕቃ የሚመጣው ከባሕር ዳር ነው፤ ቤተሰቡን እዚያ ያደረገ ሠራተኛም አለ፣ ዓርብ ከሰዓት መኪና ሲጠብቅ ታገኙታላችሁ። ነገሩ የሚብሰው በክረምት ነው። ሩዝ የሚሰበሰበው በኅዳርና በታኅሣሥ ስለሆነ፣ በሐምሌና በነሐሴ የገበሬው ኪስ ሙጣጭ ላይ ደርሷል፤ ከተማዋን ደመወዝ ብቻ ይዟት ይቆያል። ልክ በዚያ ወቅት መምህሩ ወይ ለክረምት ትምህርት፣ ወይ ወደ ወላጆቹ ይሄዳል። ከዚያ ጳጉሜን ትመጣለች፤ የቤት ኪራይ የማይጠየቅባት፣ ደመወዝም የሌለባት፣ ዶሮና ቅቤ ግን የሚገዛባት።

ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልላችን ባለው ግጭት ሌላ ጣጣ ተጨምሯል። መንገድ ሲዘጋ ደመወዝ አካውንት ውስጥ ገብቶ ጥሬ ብር ከቅርንጫፉ ሊጠፋ ይችላል፤ ኔትወርክ ሲሄድ ቴሌብሩም አብሮ ይሄዳል። እንዲህ ባለ ሰሞን «ደመወዝ ገባ?» የሚለው ጥያቄ «ወጣልህ?» በሚል ይተካል። ባለሱቁ ደብተሩን ይገልጥና ሌላ መስመር ይጨምራል። ያኔ ከተማዋን የሚያስተዳድረው 6111 ሳይሆን ያ ባለ ሽቦ ደብተር ነው።

የመምህራን ዝውውር ሲለጠፍ ነጋዴዎቹ ሰላምታ ያበዙብኛል፤ ሻይ ጋባዡ ይበረክታል። ማን ይሄዳል፣ ማን ይመጣል ብለው በዘወርዋራ ይሞክሩኛል። እኔ አልናገርም። አንዱ ባለሱቅ ግን ከእኔ ምንም አይጠብቅም፤ ዝርዝሩን ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በስልኩ ፎቶ አንስቶ፣ ስም በስም ከዱቤ ደብተሩ ጋር ያመሳክራል።