እንስሳውን ሳያይ ለሚመክር ተጠያቂው ማን ነው?

ዶክተር ሮናልድ ሃይንስ የቴክሳስ የእንስሳት ሐኪም ናቸው። በ2002 እ.ኤ.አ. ጡረታ ከወጡ በኋላ ለውሻና ለድመት ባለቤቶች በኢንተርኔት ምክር መስጠት ጀመሩ። መድኃኒት አያዙም ነበር፤ የሚሰጡት ቃል ብቻ ነው። በ2013 የግዛቲቱ የእንስሳት ሕክምና ቦርድ «እንስሳውን በአካል ሳይመረምሩ መክረዋል» ብሎ ቀጣቸው፤ የ500 ዶላር መቀጮም ጣለባቸው። በ2015 የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለቦርዱ ፈረደ። በ2024 ግን ያው ፍርድ ቤት ምክራቸው በሕገ መንግሥቱ የሚጠበቅ ንግግር ነው ሲል ለሃይንስ ፈረደ።

ዛሬ ያንኑ ጥያቄ የሚመልሰው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ሃይንስን ቢያንስ የሚጠይቃቸው ቦርድ ነበረ። ቻትቦት ግን ፈቃድ የለውምና የሚነጠቀውም የለም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም ለእንስሳት የሚሠሩ የሕክምና መሣሪያዎችን፣ ሶፍትዌርን ጨምሮ፣ ገበያ ከመግባታቸው በፊት መርምሮ አያጸድቅም። እርምጃ የሚወስደው ጉድለት ወይም አሳሳች መግለጫ ሲገኝባቸው ነው።

ይህ ክፍተት ሕይወት ያስከፍላል። የድመት ጉበት ፓራሲታሞልን በሚገባ ማስወገድ ስለማይችል በተሳሳተ ምክር የተሰጣት አንድ ክኒን ብቻ ሊገድላት ይችላል። ከዚህ የከፋው ግን ጥያቄው ራሱ ሲሳሳት ነው። ሽንቱ የተዘጋበት ወንድ ድመት ሲያምጥ ያየ ባለቤት «ሆዱ ደርቋል» ብሎ ይጽፋል። ማሽኑ የተነገረውን አምኖ ለድርቀት የሚሆን ምክር ቢሰጥ አይገርምም። ሐኪም ግን ሆዱን ሲዳስስ የተወጠረውን የሽንት ፊኛ ያገኘዋል። ካልታከመ ድመቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል። እንስሳ አፍ የለውም፤ ስለ እርሱ የሚናገረው ሌላ ሰው ነው።

ይከልከል ግን አልልም። ሕክምናው ውድ ነው፤ ሌሊት ሐኪም የማያገኝም ብዙ ነው። «ይህ እስከ ነገ ይቆያል ወይ?» ለሚል ሰው ጥሩ መልስ ትልቅ እርዳታ ነው። መስመሩ መሰመር ያለበት የመድኃኒት መጠን ላይ ነው። በ1994 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ሐኪም እንኳ የሰው መድኃኒት ለእንስሳ የሚያዝበትን ሁኔታ ሲወስን፣ እንስሳውን በቅርብ እንዲያውቀው ያስገድዳል። ለሐኪሙ ያልተፈቀደው ለማሽን ሊፈቀድ አይገባም፤ መጠን ተናግሮ እንስሳ ለገደለ ምርትም ተጠያቂው የሸጠው ኩባንያ ሊሆን ይገባል።

ሕጉ እስኪደርስ ድረስ ግን፣ ወንድ ድመትዎ እያማጠ ሽንት ካልወጣው መልስ ፍለጋ ጊዜ አያጥፉ፤ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ይውሰዱት።