የሼህ ሁሴን ጅብሪል ስንኞች፦ የትኛው የእርሳቸው ነው?

ከአርዲቦ ሐይቅ የሚወጣው ውኃ ቁልቁል ወርዶ ሎጎ እየተባለ ወደሚጠራው ወደ ታችኛው ሐይቅ ይገባል። በዚያ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአባ ኢየሱስ ሞዓ መሪነት መጻሕፍት በብራና ይጻፉ ነበር። በዚሁ በወሎ ምድር ግን ብራናም ቀለምም ሳይሻ ከአፍ ወደ ጆሮ ሲተላለፍ የኖረ ሌላ ሥነ ጽሑፍ አለ። በዚህ ረገድ ከሼህ ሁሴን ጅብሪል የበለጠ ስሙ የሚነሣ ገጣሚ የለም።

ሼህ ሁሴን በ19ኛው ክፍለ ዘመን በወሎ የኖሩ የሃይማኖት አባት ናቸው። ዘመኑ ለወሎ ገበሬ የመከራ ዘመን ነበር። የአፄ ቴዎድሮስ ጦር በወሎ ደጋግሞ ዘምቷል። በ1870 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ 4ኛ የተጠራው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ከተካሄደ በኋላ ደግሞ ሙስሊሙ ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ታወጀ። ኢማም መሐመድ አሊ ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላም ንጉሥ ለመሆን በቁ። እንደ ሼህ ጠልሃ ጃዕፈር ያሉት በአንጻሩ አሻፈረኝ ብለው ተቃወሙ።

በሼህ ሁሴን ስም የሚነገሩት ስንኞች የዚህ ዘመን ስንኞች ናቸው፤ ስለ ነገሥታት አነሣሥና አወዳደቅ፣ ስለ ድርቅ፣ ስለ ሰው ጠባይ መለወጥ ይናገራሉ። ሕዝቡ ትንቢት ይላቸዋል። ትንቢትነታቸውን የሚቀበልም ሆነ የማይቀበል ሰው ግን ንጉሥን በግልጽ መውቀስ በማይቻልበት ጊዜ «ሊመጣ ያለው ይህ ነው» ብሎ መናገር ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ መገመት አያቅተውም።

እነዚህ ስንኞች ያለ ጽሑፍ እንዴት ቆዩ? አንደኛው ምክንያት ቅርጻቸው ነው። የአማርኛ የቃል ግጥም ብዙውን ጊዜ በወል ቤት ይገጠማል። አንዱ ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም ባላቸው ሁለት ሐረጎች ይከፈላል፤ መድረሻው ደግሞ ከተከታዩ ስንኝ ጋር ቤት ይመታል። አንድ ቃል ከጎደለ ጆሮ ወዲያው ይጎረብጠዋል። ሁለተኛው ምክንያት ሸንጎው ነው። በወሎ ወዳጃ ሲቀመጡ ቡናው ይፈላል፣ ጫቱ ይቀርባል፣ ዱዓው ይደረጋል፣ መንዙማውም ይቀጥላል። እዚያ የተሰማ ነገር በማግስቱ ገበያ ይወርዳል፤ ከገበያም ወደ ሌላ ቀበሌ ይሻገራል።

የሼህ ጠልሃ ሥራዎች መንገድ ከዚህ ይለያል። እርሳቸው አማርኛን በዓረብኛ ፊደል፣ ማለትም በአጀሚ፣ እየጻፉ ግጥሞቻቸውን በወረቀት አስቀርተዋል። የሼህ ሁሴን ስንኞች ግን በስፋት ለንባብ የበቁት ቦጋለ ተፈሪ በዙ አሰባስበው «ትንቢተ ሼህ ሁሴን ጅብሪል» በሚል ርእስ በ1985 ዓ.ም. ካሳተሟቸው በኋላ ነው።

ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር፣ ጦርነት በተነሣ ቁጥር፣ «ሼህ ሁሴን ይህን ብለው ነበር» የሚል ስንኝ ይሰማል። ከእርሳቸው ዘመን እጅግ ዘግይተው የመጡ መሪዎችን የሚመለከቱ ስንኞች ሳይቀሩ በስማቸው ይነገራሉ። ቤቱ ስለመታ ብቻ ስንኙ የእርሳቸው አይሆንም፤ ወል ቤትን ዛሬም የሚያውቅ ሁሉ ይገጥመዋል። ነባር ዘር ከገበያ ዘር ጋር በአንድ ጎተራ ከተቀላቀለ በኋላ መለየት እንደሚያዳግት ገበሬ ያውቃል፤ የስንኙም ነገር እንዲሁ ነው።

መለያው ታዲያ ምንድን ነው? ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ስንኙ ተፈጸመ ከተባለው ድርጊት በፊት ይታወቅ እንደነበር ነው። ከድርጊቱ በኋላ ብቻ የተሰማ ከሆነ መጠርጠር ይገባል። ተራኪው ከማን ሰማው፣ ያ ሰው በየትኛው መንደር ይኖር ነበር፣ ጊዜውስ መቼ ነበር የሚሉትም ጥያቄዎች ይከተላሉ። አንዱን ስንኝ በማይተዋወቁ ሁለት መንደሮች ያሉ አዛውንቶች በተመሳሳይ ቃል ካሉት ዕድሜው ረዘም ያለ ስለመሆኑ ፍንጭ ይሰጣል፤ ልዩነት ካለም ልዩነቱን አለማረም ይበጃል። የወሎን አነጋገር ወደ መጽሐፍ አማርኛ «ማስተካከል» ብዙ ጊዜ ቤቱን ያፈርሰዋል።

በአርዲቦ ዙሪያም ሆነ በአምባሰል፣ አያት ወይም ጎረቤት ስንኙን የሚያውቅለት ወጣት ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው መሣሪያ በእጁ ነው። አስፈቅዶ በስልክ ድምፅን መቅዳት፣ በቀረጻው መጀመሪያ ላይም ቀኑን፣ ቀበሌውንና የተራኪውን ስም መናገር ይቻላል። ተራኪው ስንኙን ሲጨርስ ቀረጻውን ማቋረጥ ግን አይገባም። አብዛኛውን ጊዜ «ይህን የሰማሁት…» የሚለው ወሬ የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ ነው።