ለዕረፍት የሚዛወር ነጋዴና የኃላፊነት ኢንሹራንስ

ሱቁን ለልጆቹ አስረክቦ ቀሪ ዘመኑን በቢሾፍቱ ወይም በሐዋሳ ሊያሳልፍ ያሰበ ነጋዴ፣ በአዲስ አበባ የሚያከራየው ሕንፃ በስሙ እስካለ ድረስ ኃላፊነቱ ይከተለዋል። ከጣራው የወደቀ ቆርቆሮ መንገደኛ ቢያቆስል፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2077 ባለቤቱን፣ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ፣ ተጠያቂ ያደርገዋል፤ ስለ ተሽከርካሪም ቁጥር 2081 እንዲሁ ነው። የእሳት ኢንሹራንስ የሚክሰው ባለንብረቱን እንጂ ቁስለኛውን አይደለም። ጃንጥላ የሚባለው ውል ደግሞ ከሥሩ ያሉት የቤትና የመኪና የኃላፊነት ውሎች ወሰናቸው ሲያልቅ የቀረውን እስከ ራሱ ወሰን የሚከፍል ስለሆነ፣ አስቀድሞ መመርመር የሚገባቸው እነዚያ ናቸው። ቤቱንና መኪናውን ሸጦ ለሚሄድ ሰው ወጪው ትርፍ ነው፤ አከራይቶ ለሚሄድ ግን አረቦኑ የሚያስቆጭ አይመስለንም። አዲሱን አድራሻና የተከራዩን መግባት ለኩባንያው በጽሑፍ ማስታወቅም አይዘንጋ።