ሸክላው ያስቀረውና ያላስቀረው፦ የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ከ1958 እስከ 1967 ዓ.ም.

የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ «ወርቃማ ዘመን» የሚባለው ጊዜ በሁለት አቆጣጠር መካከል የወደቀ በመሆኑ፣ ስለ ሙዚቃው ከመነጋገር በፊት ስለ ዘመኑ ስያሜ መስማማት ያስፈልጋል። በምዕራቡ ዓለም «ስልሳዎቹ» ሲባል የሚታወሱት ቢትልስ፣ ጂሚ ሄንድሪክስና ጄምስ ብራውን የገነኑባቸው፣ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1969 በዉድስቶክ የሙዚቃ ድግስ የተደመደሙት ዓመታት ናቸው፤ እነዚያ ዓመታት በኢትዮጵያ ካላንደር ከሞላ ጎደል እስከ 1962 ዓ.ም. ያሉት ሲሆኑ፣ የአገሬው ሰው «የስልሳዎቹ ትውልድ» ሲል ግን አብዮቱን፣ እስሩንና ሰዓት እላፊውን እንጂ ጊታር አያስብም። በዚህ ዳሰሳ የሚታየው ከሁለቱ መካከል ያለው አጭር ጊዜ፣ ማለትም ከ1958 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው እስከ ወረዱበት እስከ 1967 ዓ.ም. መባቻ ያለው ሲሆን፣ የሸክላዎቹ ዓመተ ምሕረት በእትሞቹ ላይ እንደሚነበበው በአውሮፓ አቆጣጠር ተጠቅሷል።

የዚህ ሙዚቃ መፍለቂያ የምሽት ክበብ ሳይሆን የጦር ሰፈር ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ የመጡት የናስ መሣሪያዎች፣ ማለትም እንደ ትራምፔትና ትሮምቦን ያሉ በትንፋሽ የሚነፉ የብረት ዕቃዎች፣ ለረጅም ጊዜ የቤተ መንግሥት ሥርዓት ማድመቂያ ሆነው ቆይተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ያገኟቸው፣ በኋላም «አርባ ልጆች» ተብለው የታወቁት ወላጅ አልባ የአርመን ወጣቶች ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ ሲገቡ ደግሞ ኖታ እያነበበ በኅብረት የሚጫወት ባንድ በከተማዋ ሥር ሰደደ። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን በቀጣዮቹ አሠርት ዓመታት ያሠለጠናቸው ሙዚቀኞች በአንድ መዝገብ ቢሰፈሩ የዘመኑን ኦርኬስትራዎች ግማሽ ያህሉን ሳይሞሉ አይቀሩም። ከጣሊያን ወረራ ማክተም በኋላ ክቡር ዘበኛ፣ ምድር ጦርና ፖሊስ ሠራዊት የየራሳቸውን ኦርኬስትራ አቋቋሙ፤ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገር ፍቅር ማኅበርና በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ የሲቪሉን ወገን ያዙ። በዚህ አደረጃጀት ውስጥ ዘፋኝ ማለት በመንግሥት ደመወዝ የሚተዳደር ሠራተኛ፣ ብዙ ጊዜም የደንብ ልብስ የለበሰ ወታደር ነበር፤ የሚነፋው ሳክስፎን እንኳ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት እንጂ የራሱ አልነበረም።

ይህ ጥብቅ ትስስር ሊላላ እንደሚችል ያሳየው በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ነው። ሙከራው በክቡር ዘበኛ አዛዥ በብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የተመራ በመሆኑ የጦሩ ሙዚቀኞችም ከጥርጣሬ አላመለጡም፤ በዚያን ጊዜ ገና የሃያ ዓመት ወጣት የነበረው ጥላሁን ገሠሠ ለጥቂት ጊዜ ታስሮ ከተፈታ በኋላ ሥራውን በቴአትር ቤቱ ቀጠለ። ማህሙድ አህመድ ደግሞ በአሪዞና ክበብ ጉልበት ሠራተኛ ሆኖ ሲያገለግል፣ የክቡር ዘበኛ ዘፋኞች በቀሩበት አንድ ምሽት መድረኩን ይዞ በመዝፈኑ ወደዚያው ኦርኬስትራ ገባ። በአንድ በኩል ከሰፈሩ ወደ ቴአትር ቤቱ፣ በሌላ በኩል ከክበቡ ወደ ሰፈሩ የተከፈተው ይህ በር ነው ቀጣዩን ለውጥ ያስተናገደው።

ሮክና ሶል የሚባሉት የአሜሪካ ስልቶች የገቡት በብዙ አቅጣጫ ነበር። አስመራ በሚገኘው ቃኘው ጣቢያ የሰፈሩት የአሜሪካ ወታደሮች የራሳቸው ራዲዮና የራሳቸው ሸክላ ነበራቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የመጡት የሰላም ጓድ መምህራን እስከ ክፍለ ሀገር ትምህርት ቤቶች ዘልቀዋል፤ ሲኒማ ቤቶች ደግሞ ኤልቪስ ፕሪስሊን ከነፀጉሩና ከነኮሌታው አሳዩ። ከፖሊስ ኦርኬስትራ የወጣው ዓለማየሁ እሸቴ «የኢትዮጵያ ኤልቪስ» የተባለው ከዚህ የተነሣ ሲሆን፣ ቅጽሉ ግን ሥራውን ያሳንሰዋል፤ ከኤልቪስ የወሰደው አቋቋሙንና ፀጉሩን እንጂ ዜማውን አይደለም። ዜማው በቅኝት ውስጥ ነው። ቅኝት የሚባለው በአንድ ስምንዮሽ ውስጥ አምስት ድምፆችን ብቻ መርጦ የሚያሰልፍ የድምፅ ሥርዓት ሲሆን፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ዋና ዋናዎቹ ናቸው፤ የምዕራቡ ጊታርና ኦርጋን ግን አሥራ ሁለት ድምፅ ይዘው የመጡ በመሆናቸው የአዲስ አበባ አቀናባሪ የዕለት ተዕለት ጥያቄ የቀሩትን ሰባቱን ምን ላድርጋቸው የሚል ነበር። ከነዚህ አቀናባሪዎች መካከል ከ60 በላይ ዘፈኖችን እንዳቀናበረ የሚነገርለት ፒያኒስቱና ዘፋኙ ግርማ በየነ በቁጠባው ይለያል፤ ኦርጋኑን አሳንሶ፣ ባሱን አጉልቶ፣ ነፋሾቹን በዘፋኙ ዐረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ብቻ ያስገባቸዋል።

የመዋሐዱን ምስጢር በቅርብ ለማየት ከሁሉ የሚሻለው ምሳሌ ግን ዘፈን ሳይሆን የጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን ነው። ሽለላና ፉከራ ጦረኛ ከዘመቻ በፊትና በኋላ ድምፁን እየሰበረ፣ ትንፋሹን እየቆረጠ፣ ጀግንነቱን የሚደረድርበት ቃላዊ ጥበብ ነው፤ ምት የለውም ወይም ምቱ የፎካሪው ትንፋሽ ነው። ጌታቸው ይህን በቴነር ሳክስፎን ሲያመጣው መሣሪያው መዝፈኑን ትቶ ማንባረቅ ጀመረ፤ ከሥሩ ያለው ባንድ በችክችካ፣ ማለትም ስድስቱን ምት በሁለትም በሦስትም ከፍሎ በሚያስኬደው የአገር ቤት ምት፣ ቀጥ ብሎ ሲጓዝ እርሱ ከላይ ሆኖ ከምቱ ይቀድማል፣ ይዘገያል፣ ይሰበራል። በውጭ አገር ያሉ ሰሚዎች ይህን አጨዋወት ከአሜሪካ ፍሪ ጃዝ ጋር ማዛመድ ይወዳሉ፤ ይሁን እንጂ ምንጩ ፎካሪው እንጂ ኒው ዮርክ አይደለም።

ኒው ዮርክን በእርግጥ ያመጣው እ.ኤ.አ. በ1943 ጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ ነው። በዌልስ፣ በለንደንና በቦስተን ተምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 በኒው ዮርክ ሁለት የ«አፍሮ ላቲን ሶል» ሸክላዎችን አሳትሞ ወደ አገሩ ሲመለስ ይዞት የመጣው ቫይብራፎን፣ ማለትም በመዶሻ የሚመቱ የብረት ዘንጎች ተደርድረው ድምፃቸው የሚርገበገብበት መሣሪያ፣ በአዲስ አበባ እንግዳ ነገር ነበር። ሙላቱ ኢትዮ ጃዝ ብሎ በሰየመው ስልት አምስቱን የቅኝት ድምፆች ለዜማው ትቶ የቀሩትን ለአጃቢው ሰጠ፤ ይህ በወረቀት ላይ ቀላል የሚመስል መፍትሔ በጆሮ ሲሰማ ከጥቅም ውጭ የሚሆነው ቅኝቱ ከተዋጠ ነው፣ የእርሱም ችሎታ ቅኝቱን አለማስዋጡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ዱክ ኤሊንግተን ከኦርኬስትራው ጋር አዲስ አበባ ሲመጣ ሙላቱ አብሮት መድረክ ላይ ታየ።

ይህ ሁሉ በሌሊት ተሰምቶ በሌሊት የሚጠፋ ሆኖ ይቀር ነበር፣ አምኃ እሸቴ የሚባል ወጣት ሸክላ ነጋዴ ባይኖር። ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በሕግ ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ሲሆን፣ ማኅበሩ ግን አዲሶቹን ወጣቶች ለማሳተም አልተንቀሳቀሰም፤ አምኃ ክልከላውን ጥሶ እ.ኤ.አ. በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አወጣ። አገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ ቀረጻው ወደ ሕንድ፣ ኋላም ወደ ሊባኖስ እየተላከ ታትሞ ይመለስ ነበር። እስከ እ.ኤ.አ. 1975 ባሉት ዓመታት አምኃ ሬከርድስ 103 ባለ 45 ዙርና 12 ያህል ረጅም ሸክላዎችን አሳተመ፤ ፊሊፕስና የዓሊ ታንጎ ካይፋ ሬከርድስ ሲጨመሩ የዘመኑ ምርት ወደ 500 የሚጠጉ ትናንሽ ሸክላዎችና 30 ገደማ ረጃጅሞች ይሆናል። ቁጥሩ ለአንድ አገር ትንሽ ነው። ሰባት ኢንች የሚሰፋው የባለ 45 ዙር ሸክላ አንድ ገጽ ከአራትና ከአምስት ደቂቃ ብዙ የማይዝ በመሆኑም በክበብ ውስጥ ዳንሰኛ እስኪደክመው የሚጎተት ዘፈን ለሸክላው ሲባል ራስና ጅራቱ ተቆረጠ፤ ዛሬ «ጥብቅ ቅንብር» ተብሎ የሚደነቀው ነገር በከፊል የላስቲኩ ስፋት ውጤት ነው።

ዘመኑን በናፍቆት የሚያስታውሱ ጽሑፎች አንድ ነገር ይዘላሉ፤ ሁሉም ወጣት አልጨፈረም። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው የተሰለፉት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በግቢያቸው የተዘጋጀውን የፋሽን ትርዒት የባህል ወረራ ነው ብለው ተቃወሙ፤ በእነርሱ ዓይን አጭር ቀሚስ፣ አፍሮ ፀጉርና የምሽት ክበብ የአንድ መደብ ጌጥ ነበር። በክበቡና በግቢው መካከል የነበረው ርቀት በእግር የሚሄዱት ያህል ብቻ ነበር።

አብዮቱ ሲመጣ የሌሊቱን ሙዚቃ የገደለው ሳንሱር ብቻ ሳይሆን ሰዓት እላፊው ነው፤ ዳንሰኛ የሌለበት ባንድ ወደ ሆቴል አዳራሽ ገባ፣ ካሴት ሸክላውን ተካ፣ አምኃም እ.ኤ.አ. በ1975 ወደ አሜሪካ ወጣ። ማህሙድ በዚያው ዓመት ለካይፋ የሠራው «እሬ መላ መላ» እ.ኤ.አ. በ1986 ብራስልስ ላይ እንደገና ሲታተምና ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ እትም ሲጀምር፣ የአምኃና የካይፋ ሸክላዎች በዓለም ፊት የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሆነው ቆሙ።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ወርቃማ የተባለው የታተመው ነው፤ የታተመውም በአብዛኛው የአዲስ አበባና የአማርኛ ነው። በድሬዳዋ አፍራን ቀሎ የተባለው የኦሮምኛ ባንድ እነ ዓሊ ቢራን ያፈራው የአምኃ ሸክላ ከመውጣቱ ከዓመታት በፊት ቢሆንም በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚጠቀሰው በዳር ነው። ደቡብ ምዕራቡ ደግሞ ዳርም አላገኘም። የቤንች ሕዝብ የሚኖርባቸው ሚዛን ተፈሪና ሸዋ ቤንች በዚያን ጊዜ የሚተዳደሩት ዋና ከተማው ጅማ በሆነው በከፋ ጠቅላይ ግዛት ሥር ሲሆን፣ አገሪቱ የሸክላ ማጫወቻና ኤሌክትሪክ ጊታር ያስመጣችበት የውጭ ምንዛሪ ከግማሽ በላይ የቡና ነበር፤ ቡናው ወደ ላይ ሲወጣ የአዲስ አበባ ዘፈን በትራንዚስተር ራዲዮ ወደ ታች ወረደ፣ ከዚህ ወደዚያ የሄደ ድምፅ ግን አልነበረም። ድምፁ ስለጠፋ አይደለም። የቤንች ቋንቋ አንድን ቃል ከሌላው በድምፅ ከፍታ ብቻ የሚለዩ አምስት እርከኖች አሉት፤ ከዚህም የተነሣ ተናጋሪው ንግግሩን ያለ ቃል፣ በከንፈሩ ወይም ሁለት እጆቹን አግጥሞ በሚፈጥረው ጎድጓዳ በማፏጨት ከሸለቆ ማዶ ላለ ሰው ማድረስ ይችላል፤ ያንኑ መልእክት ባለ አምስት አውታር ክራርም ይናገረዋል። ጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎኑን አስፎከረ ተብሎ ዓለም ሲያደንቀው፣ ክራርን ቃል በቃል የሚያናግር ሕዝብ ሸክላ ሳያገኝ ቀርቷል።

ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ከቤንች ሸኮ ዞን የባህል ቢሮዎች ጋር ሆኖ ይህን ድምፅ የመቅረጽ ሥራ ቢጀምረው፣ የሚያስፈልገው ድምፅ መቅጃ፣ ቋንቋውን የሚሰማ ተማሪና በፉጨትና በክራር የሚነጋገሩት አዛውንት በሕይወት ያሉበት ጊዜ ነው።