የሰንበት ጉዞ ከወዳጆች ጋር
በጥቂት ገንዘብ አዳማንና የስምጥ ሸለቆን ከተሞች ስለ መጐብኘት

ሳምንቱን ሙሉ በጽሕፈት ቤት ወንበር ላይ የሚውል ሰው፣ ሰንበት በደረሰ ጊዜ ሰውነቱ ዕረፍትን፣ ዓይኑም አዲስ ነገርን ይመኛል። ነገር ግን አገር መጐብኘት የባለጸጋና የውጭ አገር እንግዳ ሥራ ነው ብለን የምናስብ ብዙዎች ስለ ሆንን፣ ቅዳሜንና እሑድን በቤት ተቀምጠን ወይም በከተማው ቡና ቤት ውስጥ እናሳልፋለን። በዚህም ምክንያት ከአዲስ አበባ በግማሽ ቀን መንገድ የሚደረስበትን ሐይቅ ሳያይ የሚያረጅ ሰው አይታጣም። ልጆቹም የሐይቆቹን ስም በትምህርት ቤት ይቈጥራሉ እንጂ ውሃውን በእጃቸው አልነኩትም።

አባቶቻችን ግን እንዲህ አልነበሩም። ቍልቢ ገብርኤልን ወይም ዝቋላን ሊሳለም የሚነሣው፣ ለእሬቻ ወደ ሆራ የሚወርደው፣ ወደ ባሌ ሼክ ሁሴን የሚጓዘው ሁሉ ጎረቤቱንና ዘመዱን አስከትሎ፣ በሶውንና ዳቦ ቈሎውን ቋጥሮ ይሄድ ነበር። ስንቁ የጋራ፣ ድካሙም የጋራ ስለ ነበረ ድኻው ከባለጸጋው ጋራ እኩል ይደርስ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው የተባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

በሌላውም ዓለም የሕዝብ ጉብኝት የተስፋፋው በዚሁ ብልሃት ነው። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1841 ዓ.ም. ቶማስ ኩክ የተባለ እንግሊዛዊ የእንጨት ሥራ ባለሙያ፣ 500 ያህል ሰዎችን ሰብስቦ ከሌስተር ወደ ላፍብራ በባቡር ወሰዳቸው። እያንዳንዱ የከፈለው አንድ ሽልንግ ብቻ ነበር። በ1912 ዓ.ም. ደግሞ ሪቻርድ ሺርማን የሚባል የጀርመን መምህር፣ ገንዘብ የሌላቸው ተማሪዎች በእግራቸው አገር እያዩ የሚያድሩበትን ማደሪያ በአልቴና ግንብ ውስጥ አቋቋመ። ሁለቱም የተጠቀሙበት ኀይል የገንዘብ ብዛት ሳይሆን የሰው መተባበር ነው። እኛም ዕቁብና ማኅበር ያለን ሕዝብ ስንሆን ይህ አያቅተንም።

ለጀማሪዎች ከአዳማ የተሻለ ስፍራ የለም። ከተማዋ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ በ2007 ዓ.ም. ከተመረቀው የፍጥነት መንገድ ወዲህ ደግሞ መድረሱ ቀላል ሆኗል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከአዲስ አበባ ብርድ ተነሥቶ ወደ አዳማ ቆላማ አየር የሚወርድ ሰው፣ ካፖርቱን በመንገድ ላይ ማውለቁ አይቀርም። የከተማዋ ስም አዳሚ ከሚለው የኦሮምኛ ቃል እንደ መጣ ይነገራል፤ ይኸውም ቍልቋል ማለት ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ናዝሬት ተብላ ነበር፤ ኋላም የጥንቱ ስምዋ በይፋ ተመልሶላታል። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡር በዚህች ከተማ ያልፍ ስለ ነበረ፣ የአዳማ ገበያና ማደሪያ ከጣቢያው ጋራ አብሮ አድጓል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም በአቅራቢያዋ ጣቢያ አለው።

ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዋሽ ወንዝ ዳር ሶደሬ ይገኛል። ከምድር ውስጥ ፈልቶ የሚወጣው ሙቅ ውሃ በመዋኛ ገንዳ ስለሚጠራቀም፣ ሽማግሌው ለጕልበቱ፣ ልጁም ለጨዋታው ይወርድበታል። በወንዙ ውስጥ ግን አዞ አለና ልጆችን ከገንዳው ወደ ወንዙ ማሳለፍ አይገባም። ጦጣዎቹም ስንቅ ከእጅ መንጠቅ የለመዱ ናቸው፤ ምግብን ገልጦ ትቶ የሚሄድ ሰው ምሳውን ለእነርሱ እንደ ጋበዘ ይቈጠራል።

በዚያው አቅራቢያ ወንጂ አለ። በ1946 ዓ.ም. የሆላንድ ኩባንያ የስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረበት ስፍራ ነው፤ የሸንኰራው እርሻ እስከ ዓይን ማየት ድረስ ይዘረጋል። ቀጥሎም የቆቃ ግድብ ነው። ይህ ግድብ ኢጣሊያ ለኢትዮጵያ በከፈለችው የጦርነት ካሣ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ተፈጽሟል። አባት ለልጁ የወረራውን ዘመን ታሪክ ሊነግረው ቢፈልግ፣ ከዚህ የተሻለ መማሪያ አያገኝም።

ቅዳሜና እሑድ ሁለቱን ቀን የሚያገኙ ወዳጆች ከሞጆ ወደ ደቡብ ታጥፈው ወደ ሐይቆቹ ይውረዱ። በመጀመሪያ የሚገኘው፣ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ባቱ ነው፤ ብዙዎች ዝዋይ ይሉታል። በሐይቁ ዳር ዓሣ አጥማጆች ቆሮሶና አምባዛ ሲያወጡ፣ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ እንደ ቀረጥ ተቀባይ ቆሞ ድርሻውን ይጠብቃል። ትኵስ የዓሣ ጥብስና ሾርባ ከዚያው ስለሚገኝ ምሳ ከአዲስ አበባ ተሸክሞ መምጣት አያስፈልግም። በሐይቁ ላይ አምስት ደሴቶች አሉ። ከእነርሱ አንዱ በሆነው በቱሉ ጉዶ የደብረ ጽዮን ገዳም ይገኛል፤ በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦትና መጻሕፍት ከአክሱም ሸሽተው በዚያ ተጠብቀዋል የሚል ትውፊት አለ። በደሴቶቹና በዳርቻው የሚኖሩት የዘይ ሰዎች የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። የጀልባ ኪራይ ለአንድ ሰው ከባድ ነው፤ ለስምንት ሰው ግን ቀላል ይሆናል።

ከዚያ ወደ ፊት የሚገኘው ላንጋኖ ነው። ውሃው ሻይ ይመስላል፤ ይህም በውስጡ ከተበተነው ደቃቅ አፈርና ማዕድን የተነሣ እንጂ ከእድፍ የተነሣ አይደለም። ቢልሃርዚያ የሌለበት ነው ተብሎ ስለሚታወቅም ዋናተኛ ይወደዋል። በላንጋኖ ዳር ያለው ትልቅ ሆቴል ለጥቂት ገንዘብ አይመችም፤ ስለዚህ በባቱ ወይም በአርሲ ነገሌ አልቤርጎ ይዞ አድሮ፣ ቀኑን በሐይቁ ዳር መዋል ይሻላል።

በመንገዱ ቀኝ የአብጃታና የሻላ ብሔራዊ ፓርክ አለ። በ1966 ዓ.ም. ስለ አዕዋፍ ተብሎ ተከልሏል፤ ስፋቱም 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ሻላ 266 ሜትር ጥልቀት ያለው ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆ ካሉት የኢትዮጵያ ሐይቆች ሁሉ ጥልቁ ነው። በዳርቻው የሚፈላው ምንጭ ሥጋን የሚልጥ ስለ ሆነ ልጆችን በእጅ መያዝ ያሻል። በሻሸመኔ ደግሞ በወረራው ጊዜ ለኢትዮጵያ ለቆሙ በውጭ ላሉ ጥቁር ሕዝቦች ንጉሠ ነገሥቱ በ1940 ዓ.ም. የሰጡት የአምስት ጋሻ መሬት ታሪክ አለ፤ ከጃማይካና ከሌላም አገር የመጡ ቤተ ሰቦች እስካሁን በዚያ ይኖራሉ።

ስለ አብጃታ ግን በደስታ ብቻ መጻፍ አይቻልም። ይህ ሐይቅ ውሃውን ከሚያገኝባቸው ዋነኛው ከዝዋይ የሚወጣው የቡልቡላ ወንዝ ነው። ከዝዋይና ወደ ዝዋይ ከሚገቡት ወንዞች ለመስኖ እየተቀዳ ሲሄድ ቡልቡላ ይሳሳል፤ ከሐይቁም የሶዳ ማዕድን ለማውጣት ውሃ ይቀዳ ነበር። በዚህ የተነሣ አብጃታ እጅግ ሸሽቷል፤ ቀድሞ ውሃ የነበረበት ነጭ ሜዳ ሆኗል። በምሥራቅ በመተሐራ ደግሞ ተቃራኒው ይታያል። የበሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የነበረ ሲሆን፣ የከርሰ ምድር ውሃና የመስኖ ትርፍ ስለሚገባበት ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ መንገዱንና ሐዲዱን አስቸግሯል። አንዱ ሲደርቅ ሌላው ይጥለቀለቃል። ስለዚህ ልጆቻችንን ይዘን መሄዱን ለነገ ማለት አይገባንም፤ ዛሬ የምናሳያቸውን ነገ ላናገኘው እንችላለንና። ደግሞም በመሥሪያ ቤት ስለ ውሃና ስለ መሬት ወረቀት የሚፈርም ሰው፣ የሚፈርምበትን ነገር በዓይኑ ቢያይ ፍርዱ ይቀናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ፤ እርሱም የወዳጆች ሒሳብ ነው። ጉዞ ወዳጅነትን ያጠነክራል፤ ደግሞም ያፈርሳል። በፍርድ ቤት መዝገብ የሚጽፍ ሰው እንደሚያውቀው፣ ወዳጅን ከወዳጅ የሚያካስሰው ብዙ ጊዜ የገንዘቡ ትልቅነት ሳይሆን አስቀድሞ ያልተነገረ ቃል ነው። ስለዚህ ቀኑ ሳይቈረጥ ገንዘቡ ይቈረጥ።

ልኩ የሚወሰነው ብዙ ባለው ሳይሆን ጥቂት ባለው ወዳጅ ዐቅም ነው። ስድስት ወዳጆች ለጉዞ ሲመካከሩ አንዱ «በዚያ ሰንበት ሥራ አለብኝ» ብሎ ሲቀር፣ ሥራው እውነት ይሆናል፤ ነገር ግን ገንዘቡ ሳይኖረው አፍሮ ይሆናል። ይህን ሰው ጓደኞቹ በግልጥ ቢጠይቁት ያዋርዱታል፤ ዝም ቢሉትም ያጡታል። ብልሃቱ ግን ቀላል ነው። ከጉዞው ሦስት ወይም አራት ወር አስቀድሞ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየተዋጣ ይጠራቀም። እንዲህ ከሆነ በአንድ ጊዜ ሲጠየቅ የሚከብደው ገንዘብ ሳይታወቅ ይሞላል፤ ማንም ማንን ሳያሳፍር ሁሉም እኩል ባለ ድርሻ ሆኖ ይሳፈራል።

እንደ ዕቁብ ልማድም አንድ ዳኛ፣ አንድ ጸሐፊና አንድ ገንዘብ ያዥ ይሾሙ። የሚኒባሱ ኪራይ፣ የመንገዱ ክፍያ፣ የማደሪያውና የጀልባው ዋጋ ሁሉ በአንድ ደብተር ይጻፍ። ጐማ ቢፈነዳ ወይም ሰው ቢታመም የሚሆን ገንዘብ ለብቻው ይቀመጥ። በመመለሻው ላይ ከመለያየት በፊት ሒሳቡ በሁሉ ፊት ይነበብ፤ የተረፈውም ይከፈል፤ ወይም ለሚቀጥለው ጉዞ ይያዝ።

በመሥሪያ ቤት አለቃና ምንዝር የሆኑ ሰዎች አብረው ቢወጡ፣ ማዕረጉ ከከተማው በር ሲወጣ ይቅለል። አለቃው ሁሉን እኔ ልክፈል ቢል በቸርነት ነው፤ ነገር ግን ሌሎቹ እንግዶቹ ይሆናሉ እንጂ ወዳጆቹ አይሆኑም። ሊለግስ ቢወድ በስውር ለገንዘብ ያዡ ይስጥ። የፊተኛውም ወንበር በተራ ይሁን።

ስለ ባለቤቶቻችንም አንድ ቃል መናገር ይገባል። ለአንድ ቀን ዕረፍት ሁለት ሌሊት ስንቅ ስታዘጋጅ ያደረች ሴት፣ በሐይቁም ዳር ስታቀርብና ስታጥብ የምትውል ከሆነ፣ ዕረፍቱ ለማን ሆነ? ስንቁ በየቤቱ ተከፋፍሎ ይሠራ፤ አንዱ ቤት ጪኮ፣ ሌላው ዳቦ፣ ሦስተኛው ቈሎና ፍራፍሬ ያምጣ። ምሳው ከስፍራው ይገዛ፤ ዕቃውን ወንዶቹ ይጠቡ።

ከመነሣት በፊት የመንገዱን ደኅንነት ከሚያውቁ ሰዎች መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ሌሊት ከመንዳትም መከልከል ይገባል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆኖ ብዙ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቅለው ስለ ነበረ፣ በዚያ በኩል ለመሄድ የሚያስብ አስቀድሞ ያጣራ። በደረሱበትም ስፍራ የአገሩን ሰው በቋንቋው «አከም» ብሎ ሰላምታ መስጠት፣ የጀልባውንና የዓሣውን ዋጋ አስቀድሞ ተነጋግሮ ያለ ክርክር መክፈል፣ የያዙትንም ፌስታልና ጠርሙስ መልሶ ወደ ቤት መውሰድ ጨዋነት ነው። በቁጠባ መጓዝ ማለት ከራስ ምቾት መቀነስ ነው እንጂ ከድኻው ዋጋ መቀነስ አይደለም።

እንግዲህ ክቡራን አንባቢዎች፣ ለመጀመሪያው ሰንበት አዳማና ሶደሬ ይበቃሉ። ወዳጆች ጠርታችሁ ደብተር ግዙ፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ስማችሁን፣ በሁለተኛው ላይ በየሳምንቱ የምታዋጡትን ጻፉ። አገሩን ያየ ሰው ስለ አገሩ የሚናገረው በወሬ ሳይሆን በምስክርነት ነው።